የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ

ይድረስ ለጋዜጣው የአንባብያን ደብዳቤ አምድ አዘጋጅ፤



በዚህ አምድ ላይ ስለ ገበያው መወደድ፥ ስለ መንገዱ መበላሸትና ስለ ጉዳይ መጓተት የሚወጡትን ደብዳቤዎች ሳነብ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኞቻችን ብዕር የምናነሣው ሌላውን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው በራሴ ላይ ለመመስከር ነው፤ ምናልባት እንደ እኔ በወር ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የመንግሥት ሠራተኛ ከስሕተቴ የሚማረው ነገር ይኖር ይሆናል። አሳቤም በአጭሩ፥ ለቤታችን ዕቃ ስንገዛም ሆነ ከልጆቻችን ጋር የዕረፍት ጊዜ ስናሳልፍ፥ አስቀድመን በደጃችን ያለውን እንመርምር የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዓመት ፈቃዴን ወሰድሁና ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ወደ አንደኛው ሄድሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ሁለት ባልደረቦች ቀደም ብለው ሄደው የተነሡትን ፎቶግራፍ አሳይተውን ስለ ነበር፥ ከሰው እንዳላንስ ብዬ ነው እንጂ የሐይቁ ናፍቆት ይዞኝ አልነበረም። ለጉዞው የዕቁቡ ገንዘብ ወጣ። እርሱ አልበቃ ቢል ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን ተበደርሁ። ለልጆቹም ከውጭ አገር የመጣ ጃኬትና ጫማ ተገዛላቸው፤ ዳር አገር ሄደው እንዳይታፈሩ ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ደጀን ላይ ስንደርስ ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። የዓባይን በረሃ፥ ያን ሁሉ ገደልና ጠመዝማዛ፥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን ድልድይም ጭምር ተኝተው አለፉት። እኔም አልቀሰቀስኋቸውም። «የምንሄድበት ስፍራ ገና ነው፤ ይተኙ» አልሁ።

በሐይቁ ዳር በዋልን በሁለተኛው ቀን ከሐዋሳ የመጡ አንድ መምህር ከነቤተሰባቸው አጠገባችን ተቀምጠው ነበርና ጨዋታ ጀመርን። ሰውዬው ያን ጊዜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችውን ታላቂቱን ልጄን «ከየት መጣሽ?» ብለው ጠየቋት። «ከደብረ ማርቆስ» አለች። ፊታቸው በራ። «እንግዲያውስ የጮቄ ልጅ ነሽ! ለመሆኑ ጅብራው ስንት ቁመት አለው? ስንት ምንጭስ ቈጠርሽ? እኔ ለማየት ስመኝ ነው የኖርሁት» አሏት። ልጄ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያም በዝግታ «አባዬ፥ ጮቄ የት ነው?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ያን ጊዜ ምን መልስ እንደ ሰጠሁ እንኳ አላስታውስም። ጮቄ ከከተማችን በስተ ሰሜን ነው። በከተማችን አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ፥ እንዲሁም ሙጋ፥ ሱሃ፥ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚያ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። የወለደችኝ እናቴ የስናን ሰው ናት፤ ይኸውም የጮቄ እግር ማለት ነው። ልጄ ግን የተራራውን መኖር ሰምታ የማታውቅ ሆና ተገኘች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። የእኔ ነው። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ኖሬ፥ ትርጕሙ የገባኝ በዚያ ቀን በሰው አገር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ነው።

ብድሩን ከፍለን ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጀብን። በመካከሉም በ2011 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ ልጆቹን ሰብስቤ «ዘንድሮ የምንሄደው ወደ አያታችሁ ነው» አልኋቸው። ደስ አላላቸውም። ሁለተኛው ልጄ «እዚያ ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ሄደን እንየው» አልሁት።

በማለዳ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በረቡዕ ገበያ መንገድ ወጣን። ረቡዕ ገበያ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ድንቿ የተመሰገነ ነው። ከእናቴ ዘንድ አድረን በማግሥቱ ወደ ላይ ወደ ደጋው ቀጠልን። ገብሱ እየሳሳ ሄዶ ቦታውን ለአስታው ለቀቀ፤ ከዚያም ጅብራው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ጅብራ በውርጩ መካከል እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ ከሰው ቁመት አልፎ የሚሄድ ተክል ነው። ልጆቹ ሲያዩት ጮኹ። ከጫፉ የደረስን አይመስለኝም፤ ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ነገር ግን ከሣር ሥር የምትንጠባጠብ አንዲት ምንጭ አግኝተን ታላቂቱ ልጄ እጇን ከትታ «ይህች ውኃ ዓባይ ልትሆን ነው?» አለች። «አዎን፤ ትሆናለች» አልኋት። መልስ በማወቄ የተሰማኝን ደስታ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተማርሁ። ለሐይቁ ጉዞ የተገዛው ጃኬት መልኩ ያማረ ነበር እንጂ የጮቄን ነፋስ አላቆመም። ልጆቹ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እናቴ ከአህያው ጭነት ላይ ባናዋን አውርዳ ሦስቱንም በአንድነት ጠቀለለቻቸው። ያ ባና እኔ ተማሪ ሳለሁ የተሠራ ነው። የደጋው በግ ጠጕር ተሸልቶ፥ ታጥቦ፥ ተነድፎ፥ በእናቴ እንዝርት ተፈትሎ፥ በጎረቤት ሸማኔ እጅ ተሸምኖ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። እኔ ደግሞ በከተማው ቤቴ የነብር ሥዕል ያለበት የውጭ አገር ብርድ ልብስ ነበረኝ፤ በሁለተኛው ክረምት ጠጕሩ ረግፎ የቤት መወልወያ ሆኖ ነበር። ለእርሱ የከፈልሁት ዋጋ ያን ጊዜ አንድ አዲስ ባና አሠርቶ የሚተርፈው ነበር። ታዲያ ለምን ባናውን አላሠራሁም? ከተባለ፥ ስለ ብርድ አስቤ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ «የገጠር ሰው ነው» እንዳልባል ነው።

ይህ ሕመም የእኔ ብቻ አይመስለኝም፤ ሥሩም ሩቅ ነው። አባቶቻችን የሸማኔውን ሸማ እየለበሱ ሸማኔውን ይንቁ ነበር፤ በአንጥረኛው ማረሻ እያረሱ አንጥረኛውን ቡዳ ይሉት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እያነወሩ መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ነገሩ የከፋ ነበር። ዛሬ ስድቡ ቢቀርም ንቀቱ መልኩን ለውጦ በመካከላችን ይኖራል። ሠሪውን በአፍ አንሰድበውም፤ ሥራውን ባለመግዛት እንሰድበዋለን። ለበዓል ጥበብ ለብሰን «የአገር ባህል» እያልን እናሸበሽባለን፤ በማግሥቱ ግን የሰልባጅ ክምር ስንገለብጥ እንገኛለን። ኪሱ የጠበበው ሰው ሰልባጅ ቢለብስ አልነቅፈውም። የምነቅፈው አቅሙ እያለው የአገሩን ሠሪ ከነጭራሹ የማይጠይቀውን፥ ይኸውም ትላንት የነበርሁትን እኔን ነው።

በደጃችን ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚያስገርም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ስፍራ ነው። እንዶድ እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡበት ፍሬ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስናውቀውም የድኻ ሳሙና ነው ብለን ትተነዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የውኃው ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ በሽታ ማስተላለፊያ ነውና ከዚያ ተነሥተው በሽታውን በእንዶድ የመከላከል ምርምር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ፍሬው ከጥንት ጀምሮ በየወንዙ ዳር ነበር። የጐደለው ቆም ብሎ የሚያየው ዐይን ነው።

ከዚህ በኋላ እኔና ባለቤቴ አንድ ምሽት ደብተር ይዘን ተቀመጥንና በቤታችን የሚገባውን ዕቃ አንድ በአንድ ጻፍን። ለልጆቹ ቁርስ በቆርቆሮ የታሸገ የውጭ አገር አጃ እንገዛ ነበር። በጮቄ አካባቢ ግን እንግዶ የሚባል የአጃ ዘመድ የሆነ እህል ይበቅላል፤ እናቴ ከዚያው አስፈጭታ ትልክልን ጀመር። ለሻይ የምንገዛው ብስኩት በዳቦ ቆሎና በገብስ ቆሎ ተተካ። ወንበሩ ሲሰበር ከሩቅ የመጣ የፕላስቲክ ወንበር መግዛት ትተን በሰፈራችን ላለው አናጢ አሠራን። ጋቢ አሠራሁ፤ ድሩ የፋብሪካ ፈትል፥ ማጉ የእናቴ ፈትል ነው። ከዘረዘርነው ዕቃ እኩሌታውን እንኳ አልለወጥንም፤ ቢሆንም በዓመቱ መጨረሻ ከሐይቁ ብድር የሚተካከል ገንዘብ ተርፎ አገኘነው።

ነገር ግን ሁሉም ለስላሳ አልነበረም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። አንድ ጊዜ ከገበያ የገዛነው ቅቤ ሲነጠር ከላዩ ቅቤ፥ ከሥሩ ባዕድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ማር ብለን የገዛነውም ስኳር ሆኖብን ያውቃል። አንድ ሠሪ ደግሞ ቀብድ ተቀብሎኝ ለፋሲካ የቀጠረኝን ዕቃ ለጰራቅሊጦስ አደረሰልኝ። ገዢው አገሩን በመውደዱ ሁልጊዜ የሚታለል ከሆነ ፍቅሩ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ለአምራቾች ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አለ፦ «የአገር ምርት ነው» የሚለው ቃል የመጥፎ ሥራ መሸፈኛ አይሁን። ቀኑን አክብሩ፤ ሚዛኑን አታጓድሉ፤ የተበላሸውን መልሱ። እኛም ገዢዎች የምንታረምበት አለን። በባለ መደብሩ ፊት የተለጠፈውን ዋጋ ቃል ሳንተነፍስ ከፍለን፥ መሬት ላይ ተቀምጣ የምትሸጠውን እናት ግን ስለ አሥር ብር ግማሽ ሰዓት እንከራከራታለን። ይህም ከቅቤው ማጭበርበር የማይሻል ነው።

አንዳንድ ሰው «የእኔ አንድ ብርድ ልብስ ለአገር ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። እኔ የኢኮኖሚ ሊቅ አይደለሁም፤ ግን የደመወዜን ነገር ዐውቃለሁ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በዚህ መስፈሪያ ይሰፈራል። መድኃኒት፥ ነዳጅና መሣሪያ ከውጭ ሳናስመጣ ልንኖር አንችልም፤ እነርሱን በአገር ልጅ ሥራ ተኩ የሚል ቢኖር አላዋቂ ነው። ነገር ግን ለሕመምተኛ መድኃኒት የሚያስፈልገውን ምንዛሬ ለብስኩትና ለፕላስቲክ ወንበር ማዋል ዕዳው ተመልሶ የራሳችን ነው። ለአናጢው የከፈልሁት ብር ግን ከዚህ አይርቅም፤ አናጢው ለልጁ ደብተር ይገዛበታል፥ ደብተር ሻጩ ጤፍ ይገዛበታል፥ ገበሬውም ግብሩን ይከፍልበታል። ከዚያም ግብር የእኔ ደመወዝ ይወጣል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። የህንዱ ማሕተማ ጋንዲ ወገኖቻቸው የእንግሊዝን ጨርቅ ትተው በእጅ የተፈተለውን እንዲለብሱ ሲያስተምሩ ራሳቸው በየቀኑ ይፈትሉ ነበር፤ ሌላውን ከማዘዝ በፊት ከራሳቸው ጀመሩ። በእኛም ጐጃም በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲቋቋም፥ የወረራው ዕዳ ወደ አቡጀዲና ወደ እንጀራ ተለውጦ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትልልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ፋብሪካ ማቋቋም የባለ ሀብትና የመንግሥት ሥራ ነው፤ የተሠራውን መርምሮ መግዛት ግን የእኔና የእርስዎ ሥራ ነው።

በተለይ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየስብሰባው የሚቀርበው የታሸገ ብስኩት ቀርቶ ቆሎና የገብስ ዳቦ ቢቀርብ ማን ይከፋዋል? ሰው ጡረታ ሲወጣ የምንሸልመው ከውጭ የመጣ የግድግዳ ሰዓት ጋቢ ወይም ባና ቢሆን ለተሸላሚው አይሞቀውምን? ለዚህ ልዩ በጀት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዕረፍቱ ነገር ልመለስ። ከዚያች ከጮቄ ጉዞ በኋላ በቤታችን አንድ ልማድ ጀምረናል፤ በየዓመቱ አንድ ስፍራ፥ ያውም በአንድ ቀን ደርሰን ልናድርበት የምንችለው ስፍራ እንመርጣለን። የመጀመሪያው ከከተማው ሳንወጣ ነበር። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችን ደብረ ማርቆስ የተባለችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ልጆቹ በየቀኑ በደጁ እያለፉ ይህን አያውቁም ነበር። የንጉሡንም ቤተ መንግሥት አየን፤ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ የገቡባት ከተማ ይህችው መሆኗን ነገርኋቸው። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው የሻይ ዋጋ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ደጀን ወርደን የዓባይን በረሃ ነቅተን አየነው፤ ልጆቹ ተኝተው ያለፉትን ማለቴ ነው። ቀጥሎም በብቸና በኩል ወጣን። በአምስቱ የጠላት ዘመን በላይ ዘለቀ የተዋጋበት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስን ተሳለምን፤ ታላቂቱ ልጄ ልብ ወለዱን አንብባ ስለ ነበር የሰብለ ወንጌልን ቤት ካላሳያችሁኝ ብላ አስቸገረችን። ደብረ ወርቅ ማርያም ደረስን፤ ቅዱስ ሉቃስ እንደ ሣላት በትውፊት የሚነገርላት ሥዕለ ማርያም ያለችበት ደብር ነው። እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያምና የዓባይ መነሻ የምትባለው ግሽ ዓባይ ለሚመጣው ጊዜ ተቀጥረው ቀሩ።

ቀጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ቤተሰብ ይዞ እንደ ልብ መንቀሳቀስ አልተቻለም፤ ይህን ሸፍኜ «ሂዱ» ብል በሰው ልጆች ላይ መፍረድ ይሆንብኛል። መንገዱን ሳያጣሩ መውጣት አይገባም። ግን መንገዱ በተዘጋባቸው ቀኖች ያስተዋልሁትን ልናገር። ከሩቅ የሚመጣው ዕቃ ከየመደብሩ ሲጠፋ በሰፈራችን የነበሩት አናጢው፥ ሸማኔዋና ቆሎ ቆይዋ ነበሩ። ሰላም ሲወርድም አስቀድመን የምንጠይቀው ከሁለት ሰዓት መንገድ ማዶ ያለችውን እናቴን ነው። ልጆቼም ተራራውን ካዩት በኋላ ስለ አገራቸው የሚሰሙትን ወሬ በሌላ ጆሮ ይሰሙታል። የማያውቁት ስፍራ ሲጐዳ ወሬ ነው፤ የሚያውቁት ሲጐዳ ግን ሐዘን ነው።

ጮቄን የተመለከተ አንድ ነገር ጨምሬ ልፈጽም። በ2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮችን የሥነ ምኅዳር መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መረጠው። ዜናው በተነገረበት ምሽት ልጄ ከመጽሐፏ ቀና ብላ «የሐዋሳው መምህር ይህን ሰምተው ይሆን?» አለች። እኔም በልቤ፥ ሰውዬው ሳያዩት የተመኙትን እኛ ከማጀታችን ሆነን ሳናውቀው መኖራችንን አሰብሁ። አሁን ግን ቢያንስ በእኔ ቤት «ጮቄ የት ነው?» የሚል ልጅ የለም።

የወሎ፥ የወለጋ፥ የሐረርጌ፥ የጋሞ አንባብያን ሆይ፤ እናንተስ በደጃችሁ ምን አላችሁ? በዚሁ አምድ ጻፉልን። ሰላሙ ሲሰፋ ተራ በተራ እየተጠራራን እንጠያየቃለን። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገሬ ሰው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከደብረ ማርቆስ